ምዕራፍ ስድስት፤ ቤት የቆመበትን አፈር ሕግ ስለ መከተሉ

አበ ብዙኃን አብርሃም ሚስቱ ሣራ በኬብሮን ባረፈች ጊዜ የሚቀብርበት ስፍራ በእጁ ስላልነበረ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን መሬት በገዛበት ታሪክ ውስጥ፣ ዛሬ በባዕድ አገር ቤት ለመግዛት የሚነሣ ሰው ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ከሞላ ጎደል ተጽፎ ይገኛል። ሻጩ መሬቱን በነጻ ልስጥህ ቢለው፣ መጻተኛ በስጦታ የያዘው ርስት በልጅ ልጅ ዘመን ክርክር እንደማያጣው የተረዳ ይመስል፣ አልተቀበለም፤ አራት መቶ ሰቅል ብር በሚዛን መዝኖ ከፈለ፤ ይህንንም ያደረገው በጓዳ ሳይሆን የአገሩ ሰዎች ሁሉ እየሰሙ በከተማይቱ በር ነው፤ መጽሐፉም እርሻውን፣ በእርሻው ውስጥ ያለውን ዋሻ፣ በወሰኑ ውስጥ የቆመውንም ዛፍ ሳይቀር አንድ በአንድ ይቈጥራል። ሻጭና ገዢ፣ ምስክርና ሽማግሌ፣ ወሰንና ዋጋ በአንድ በር ላይ ተገናኝተው ነበር።

የዛሬው የአውሮፓ ቤት ገዢ መከራ የሚመነጨው ያ አንድ በር በአራትና በአምስት መሥሪያ ቤት በመከፋፈሉ ነው። ውል የሚያጸድቅ ሹም አለ፤ የባለቤትነትን መዝገብ የሚጠብቅ ሌላ አለ፤ ለግብር ሲባል መሬቱን የሚለካ ሦስተኛ አለ፤ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ ማዘጋጃ ቤት አለ፤ ከማዘጋጃ ቤቱም በላይ ሆኖ የተሰጠውን ፈቃድ የሚያስሽር የክፍለ አገር መንግሥት አለ። ሁሉም የተሾሙበትን ነገር በትጋት ይጠብቃሉ፤ ገዢውን እንዲጠብቅ የተሾመ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም። እንግዳው ይህን ባለማወቅ፣ ማኅተሙን አይቶና የውሉን ንባብ ሰምቶ ከተማይቱ በሙሉ እንደ መሰከረችለት ስለሚቈጥር፣ በአንዱ መዝገብ ንጹሕ፣ በሌላው መዝገብ ግን የተኰነነ ቤት ገዝቶ፣ ቁልፉን በደስታ ተቀብሎ ይገባል። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ አቈጣጠር ነው ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሰውና ገንዘብ ወሰናቸውን እንዲሻገር ቢስማሙም፣ አፈር ግን ከየስፍራው አልተነቃነቀም። ኅብረቱ የሚተዳደርበት ውል በ345ኛው አንቀጽ የየአገሩን የንብረት ባለቤትነት ሥርዓት እንደማይነካ ስለሚናገር፣ ጀርመናዊው በእስፓኝ ቤት ለመግዛት መብት ያለው ቢሆንም፣ የገዛው ቤት የሚመራው በእስፓኝ ሕግ ነው። የመግዛቱም መብት ቢሆን በሁሉ ስፍራ እኩል አይደለም፤ ዴንማርክ በ1992 በማስትሪሽት ውል ላይ ልዩ ፕሮቶኮል አስገብታ ስለ ሁለተኛ ቤት ያላትን የቈየ ሕግ ይዛ እንድትቀር ስለ ተፈቀደላት፣ በአገሩ የማይኖርና ከዚህ በፊትም አምስት ዓመት ያልኖረበት ሰው የጁትላንድን የባሕር ዳር የበጋ ቤት ያለ ልዩ ፈቃድ ሊገዛ አይችልም። ክርክር በተነሣም ጊዜ፣ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ስላለ መብት የሚፈርደው ንብረቱ ያለበት አገር ፍርድ ቤት ብቻ መሆኑን በ2012 የወጣው የኅብረቱ 1215ኛው ደንብ በ24ኛው አንቀጹ ይደነግጋል። ይህ ሥርዓት ምን ያህል ጥብቅ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚወድ ሰው፣ በሉክሰምቡርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ1985 የፈረደውን ነገር ይመልከት፤ አንድ ጀርመናዊ በኢጣልያ ያለውን ቤቱን ለሌላ ጀርመናዊ ለጥቂት የበጋ ሳምንታት ቢያከራየውና ስለ ኪራዩ ገንዘብ ቢጣሉ፣ ሁለቱም በአገራቸው ቋንቋ በአገራቸው ዳኛ ፊት ለመቆም እየቻሉ፣ ዳኛችሁ ኢጣልያዊው ነው ተባሉ። ይህ ፍርድ ለብዙዎች እንግዳ ስለ ሆነባቸው፣ እስከ ስድስት ወር ለሚደርስ የግል ኪራይ በኋላ የተለየ ድንጋጌ ተጨምሮለታል፤ ለሽያጭ ግን አልተጨመረም።

የአፈሩ ዳኛ የሚፈርደው ፍርድም በአፈሩ ላይ ቆሞ አይቀርም፤ ገዢውን እስከ አገሩ ተከትሎት ይሄዳል። በሰሜን ቆጵሮስ፣ በላፒቶስ መንደር፣ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት በ2002 መሬት ገዝተው የመዋኛ ገንዳ ያለው ቪላ ሠሩ፤ የሸጠላቸው ሰው ወረቀት በዚያ ስፍራ ባለው አስተዳደር ዘንድ የተሟላ ነበር። ነገር ግን መሬቱ በ1974ቱ ጦርነት ጊዜ ወደ ደቡብ የሸሸ ቤተ ሰብ ርስት ስለ ነበረ፣ በ2003 የመለያያው መሥመር ተከፍቶ መሻገር በተቻለ ጊዜ ባለርስቱ መጥቶ በአባቶቹ አጸድ ላይ የተሠራውን አየና በኒቆስያ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2004 ቪላው እንዲፈርስና መሬቱ እንዲመለስ ወሰነ። የኒቆስያ ዳኛ ሥልጣን በሰሜኑ ክፍል በተግባር የማይደርስ መሆኑን ያዩ ሰዎች ነገሩ ወረቀት ሆኖ የሚቀር መስሏቸው ነበር፤ ባለርስቱ ግን ፍርዱን ይዞ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ፤ የሉክሰምቡርጉ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 28 ቀን 2009 የእንግሊዝ ዳኞች ፍርዱን ሊቀበሉት እንደሚገባ አስታወቀ፤ የእንግሊዙም ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2010 እንዲሁ ወሰነ። በዚህም ምክንያት በሜዲትራኒያን ዳር ርካሽ ቤት በመግዛት የተጀመረው ነገር፣ ባልና ሚስቱ በእንግሊዝ አገር ያላቸውን ንብረት ለፍርድ አፈጻጸም የሚያጋልጥ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን በአንድ አገር ላይ አቁሞ መመርመር ስለሚሻል፣ ከሰሜን አውሮፓ ፀሐይ የሚሻ ሁሉ የሚወርድባትን እስፓኝን እንያዝ። በእስፓኝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ቀብድ ሲሆን፣ ልማዱ ከዋጋው አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። ጀርመናዊው ገዢ በአገሩ ሕግ በውል አዋዋይ ፊት ያልተፈጸመ የመሬት ሽያጭ ፈራሽ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ በደላላው ቢሮ የፈረመውን አንድ ገጽ ወረቀት እንደ ምኞት መግለጫ ያህል ይቈጥረዋል፤ እስፓኛዊው ዳኛ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል በግል የተፈረመውን ወረቀት የሚያስገድድ ውል አድርጎ ይቀበለዋል። የእኛ አገር ሰው ደግሞ በሌላ በኩል ይሰናከላል። በ1889 የወጣው የእስፓኝ ፍትሐ ብሔር በ1454ኛው አንቀጽ ገዢው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንዲያጣ፣ ሻጩ ቢተው እጥፉን እንዲመልስ ያዛል፤ በእኛ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም በ1885ኛው ቍጥር የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህም ኢትዮጵያዊው ገዢ ነገሩ ያልተስማማው እንደ ሆነ፣ ቀብዱን ትቶ ለመሄድ የሚችል ይመስለዋል። ዳሩ ግን የማድሪድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያን አንቀጽ አጥብቆ ስለሚተረጕመው፣ ተዋዋዮቹ ቀብዱ የመተው መብት እንደሚሰጥ በግልጽ ካልጻፉ፣ የተከፈለው ገንዘብ ውሉን የሚያጸና የዋጋ ክፍል ሆኖ ይቈጠራል፤ ሻጩም ቀሪውን እንዲከፈለው ወይም ኪሣራ እንዲታሰብለት ሊከስ ይችላል። ፍጹም ባዕድ የሆነ ሕግ ሰውን ያስጠነቅቀዋል፤ የአገርን ሕግ የሚመስል ሕግ ግን ያዘናጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ውል አዋዋዩ፣ እነርሱ ኖታሪዮ የሚሉት፣ የተማረና የተከበረ ሹም ነው፤ የተዋዋዮቹን ማንነት ይመረምራል፤ ከባለቤትነት መዝገብ መግለጫ ያስመጣል፤ በቤቱ ላይ የተያዘ የባንክ መያዣ ካለ ይነግራል፤ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደ ተከፈለ ጽፎ ያስቀምጣል፤ ውሉንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ቤቱን ግን ሄዶ አያየውም። የመዋኛ ገንዳው ፈቃድ እንዳለው፣ ሦስተኛው መኝታ ቤት በፕላኑ ላይ ይኑር አይኑር፣ ከአጥሩ ማዶ መንገድ ይታቀድ አይታቀድ መመርመር የእርሱ ግብር አይደለም፤ ለሻጩም ለገዢውም እኩል ሹም ስለ ሆነ የገዢው ጠበቃ አይሆንም። ደላላው የሚያመጣውን ጠበቃም እኔ በበኩሌ አላምነውም፤ ሰውየው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚበላው እንጀራ ሽያጩ ሲፈጸም የሚጋገር ከሆነ፣ ሽያጩን የሚያስቀር ነገር ለማየት ዐይኑ ይከብደዋል።

በ1861 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የባለቤትነት መዝገብ በበኩሉ ታላቅ ኀይል አለው፤ በመዝገብ ባለቤት ሆኖ ከተጻፈ ሰው በቅን ልቡና፣ ዋጋ ከፍሎ የገዛና ስሙን ያስመዘገበ ሰው፣ የሻጩ መብት በኋላ በመዝገቡ በማይታይ ምክንያት ቢፈርስ እንኳ እርሱ አይነቃነቅም። በእስፓኝ ግን የባለቤትነት መተላለፍ መዝገብን አይጠብቅምና፣ ውሉን በውል አዋዋዩ ፊት ፈርሞ ወረቀቱን በመሳቢያ ቈልፎ የሚያስቀምጥ ገዢ፣ ሻጩ ያንኑ ቤት ለሁለተኛ ሰው ሸጦ ያ ሁለተኛው ሰው በቅንነት ቀድሞ ቢያስመዘግብ፣ በ1473ኛው አንቀጽ መሠረት ቤቱን ያጣል። ደግሞም ይህ መዝገብ የሚናገረው ስለ መብት እንጂ ስለ ድንጋይና ስለ ካሬ ሜትር አይደለም፤ መሬቱን የሚለካው በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ያለው ካታስትሮ ነው፤ የሁለቱም ልኬት ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም መንግሥት ራሱ በ2015 ሁለቱን ለማስማማት ሕግ አወጣ። በአንዱ መዝገብ አራት ሺሕ፣ በሌላው አምስት ሺሕ ካሬ ሜትር የሆነ እርሻ የገዛ ሰው፣ ትርፉ አንድ ሺሕ ካሬ ሜትር የጎረቤት ወይስ የራሱ መሆኑን የሚያውቀው አጥር ሊያጥር በወጣ ቀን ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ባለቤትነቱ የጠራ፣ ሕንፃው ግን ሕገ ወጥ የሆነ ቤት ነው፤ ይህም በእስፓኝ ደቡብ፣ በአልሜሪያ አውራጃ፣ በቤራ ከተማ አጠገብ በጃንዋሪ 9 ቀን 2008 በዓለም ፊት ታየ። እንግሊዛውያን ጡረተኞች ባልና ሚስት ከማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ተቀብለው የሠሩት ቤት በዚያ ቀን በመቈፈሪያ መኪና ተደመሰሰ። ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ሰጥቷል፤ የአንዳሉሲያ ክፍለ አገር መንግሥት ደግሞ መሬቱ ግንባታ የማይፈቀድበት የገጠር መሬት ነው ብሎ ያን ፈቃድ በፍርድ ቤት ሽሮታል፤ ሁለቱ መንግሥታት ሲከራከሩ ጣሪያው የወደቀው በሦስተኛው ወገን ላይ ነው። ባልና ሚስቱ ሳይፈርስ በቀረው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ለዓመታት ኖሩ። እንግዲህ የማዘጋጃ ቤት ማኅተም ያለበት ፈቃድ ቤትን ካላዳነ ምን ያድነዋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም የመሬቱን ምደባ ከክፍለ አገሩ መንግሥት ዘንድ ከመግዛት በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። በአንዳሉሲያ ገጠር በዚህ ዓይነት የተሠሩት ቤቶች እጅግ ብዙ ስለ ነበሩ ጩኸቱ እስከ አውሮፓ ፓርላማ ደረሰ፤ በ2009ም አንዲት የዴንማርክ እንደራሴ፣ ማርግሬቴ አውከን፣ ያዘጋጀችውን ወቀሳ ፓርላማው አጸደቀ። በ2015 በተሻሻለው የአስተዳደር ክርክር ሕግ ደግሞ ዳኛው ቤት ከማስፈረሱ በፊት በቅን ልቡና ለገዙ ሦስተኛ ወገኖች የሚከፈለው ካሳ ዋስትና መያዙን እንዲያረጋግጥ ተደነገገ። ከዚያም በ2019 አንዳሉሲያ ሳይፈርሱ ዘመን ያለፈባቸውን ቤቶች ችሎ የሚያልፍ ሥርዓት አወጣች፤ ዛሬ ሻጩ ቤቱ ሕጋዊ ሆኗል ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ መቻልና መፍቀድ ልዩ ልዩ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ቤት ይጠገናል እንጂ አይሰፋም፤ በወደቀም ጊዜ እንደ ገና አይሠራም።

በባሕሩ ዳር ያለው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የእስፓኝ ሕገ መንግሥት የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ሀብት መሆኑን በ132ኛው አንቀጹ ስለሚናገር፣ በ1988 የወጣው የባሕር ዳር ሕግ አሸዋው ላይ ቀድሞ የተሠሩትን ቤቶች ባለርስቶች ከባለርስትነት አውርዶ፣ ለ30 ዓመት የተሰጠና ለሌላ 30 ዓመት የሚታደስ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ያላቸው አደረጋቸው፤ በ2013 ዘመኑ እስከ 75 ዓመት እንዲረዝም ተፈቀደ። ከሕዝቡ ይዞታ ወዲህ ባለው መሬትም ላይ፣ በአብዛኛው እስከ 100 ሜትር ድረስ፣ አዲስ መኖሪያ አይሠራም። በ1967 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት በሆነበት አገር ያደገ ሰው ከዚህ ላይ ከእንግሊዛዊው ያነሰ ይደነግጣል፤ የሚያሳዝነው ግን ዋጋውን ሲከፍል የከፈለው እንደ ርስት ዋጋ ሆኖ፣ የተቀበለው ዘመኑ የሚያልቅ ፈቃድ መሆኑ ነው።

ዕዳም ከቤቱ ጋር ይሸጣል። በጋራ ሕንፃ ውስጥ መኖሪያ የገዛ ሰው፣ ሻጩ ለማኅበሩ ሳይከፍል የቀረውን ሽያጩ የተፈጸመበትን ዓመትና ከዚያ በፊት ያለፉትን ሦስት ዓመታት መዋጮ ቤቱ እንደሚጠየቅበት በ1960 የወጣው ሕግ ይናገራል፤ ሻጩ በእስፓኝ የማይኖር ከሆነ ደግሞ፣ ገዢው ከዋጋው ከመቶ ሦስቱን ይዞ ለግብር መሥሪያ ቤቱ በአንድ ወር ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ያላስገባ እንደ ሆነ ግብሩ በገዛው ቤት ላይ ይወድቃል። ገና ያልተሠራ ቤት በፕላን ላይ ለሚገዛ ሰው በ1968 የወጣው 57ኛው ሕግ ገንዘቡ በባንክ ዋስትና እንዲጠበቅ ያዝዝ የነበረ ቢሆንም፣ ከ2008 በኋላ ሥራ ተቋራጮቹ ሲከስሩ ዋስትናው በብዙ ስፍራ አለመኖሩ ታወቀ፤ የማድሪድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የገዢዎችን ገንዘብ ዝም ብሎ የተቀበለ ባንክ ተጠያቂ ነው ያለው በ2015 መጨረሻ ነው፤ በመካከሉ ስንቱ ተስፋ ቈርጦ እንደ ተቀመጠ የታወቀ ነው።

ሌሎቹን አገሮች በሙሉ ለማተት ምዕራፉ አይበቃም፤ ኢጣልያን ግን ሳያነሡ ማለፍ አይገባም፤ በቶስካና የወይራ እርሻ ያለው የድንጋይ ቤት የሚገዛ ሰው፣ አጠገቡ መሬቱን በገዛ እጁ የሚያርስ ገበሬ ካለ፣ ያ ጎረቤት በ1965ና በ1971 በወጡት ሕጎች አስቀድሞ የመግዛት መብት አለውና፤ ሳይነገረው ከተሸጠም ሽያጩ በመዝገብ ከተጻፈ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ያንኑ ዋጋ ከፍሎ ሊወስደው ይችላል። በፈረንሳይ ደግሞ ለባዕድ ሰው የሚያስደንቅ የሽያጭ ዓይነት አለ፤ ቪያዤ ይሉታል፤ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቤታቸውን ሸጠው እስኪሞቱ ይኖሩበታል፤ ገዢው እስከ ዕለተ ሞታቸው በየወሩ ይከፍላል። ሻጩ ውሉ በተፈረመ በ20 ቀን ውስጥ በቀድሞ ሕመሙ ከሞተ ውሉ ፈራሽ ነው፤ ከዚያ ውጭ ግን ሁሉ በእግዚአብሔር እጅ ነው። በ1965 በአርል ከተማ አንድ ውል አዋዋይ፣ ሕጉን ከማንም ይልቅ የሚያውቅ ሰው፣ የ90 ዓመቷን የዣን ካልማንን ቤት በየወሩ 2500 ፍራንክ ለመክፈል ተዋውሎ ገዛ። እርሱ በ1995 ሞተ፤ መክፈሉ ለሚስቱ ተረፈ፤ ካልማን በ1997 በ122 ዓመቷ ስታርፍ የተከፈለው ገንዘብ ከቤቱ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነበር።

በመጨረሻ የሚታሰበው፣ መታሰብ የሚገባው ግን በመጀመሪያ የሆነው፣ የውርስ ነገር ነው። የእስፓኝ ፍትሐ ብሔር፣ እንደ ካታሎኒያ የራሳቸው ሕግ ያላቸው ክፍሎች ሲቀሩ፣ ከሟቹ ሀብት ሁለት ሦስተኛውን ለልጆች ስለሚያስቀር፣ ሚስቴ ሁሉን ትውረስ ብሎ የተናዘዘ ሰው ኑዛዜው ሊጐድልበት ይችላል። ከኦገስት 17 ቀን 2015 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ የውርስ ደንብ ውርሱ ሟቹ በመጨረሻ ዘወትር ይኖርበት በነበረው አገር ሕግ እንዲመራ አዝዞ፣ ሰው በኑዛዜው የዜግነቱን ሕግ እንዲመርጥ ፈቀደለት፤ አየርላንድና ዴንማርክ በዚህ አልገቡም። የተመረጠው ሕግ የኅብረቱ አባል ያልሆነ አገር ሕግ ቢሆንም ምርጫው የጸና ስለ ሆነ፣ በፍራንክፈርት የሚኖርና በአሊካንቴ ቤት ያለው፣ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያልለወጠ ሰው፣ ውርሴ በኢትዮጵያ ሕግ ይመራ ብሎ ሊናዘዝ ይችላል ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ያ ሕግ ለልጆች የተወሰነ ድርሻ ባያስቀርም፣ ልጁን ከውርስ የሚነቅል ሰው ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድደዋልና፣ አንድን ሕግ ሸሽቶ ወደ ሌላው የሚገባ ሰው የገባበትንም አንብቦ ይግባ። ቤቱ በፈረንሳይ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ፣ በ2021 የወጣ ሕግ በባዕድ ሕግ ድርሻቸውን ያጡ ልጆች በዚያ ካለው ሀብት ካሳ እንዲወስዱ ስለሚፈቅድ፣ ምርጫው ሙሉ በሙሉ ላያድነው ይችላል።

የአውሮፓው የውርስ ደንብ ግብርን አይነካም። በእስፓኝ ቤት ያለው ሰው በሞተ ጊዜ ወራሾቹ፣ ሟቹ በዚያ ኑዛዜ ትቶ እንደ ሆነ ለማወቅ፣ በማድሪድ ካለው የመጨረሻ ኑዛዜዎች መዝገብ የምስክር ወረቀት የሚያወጡት ከሞቱ በኋላ 15 የሥራ ቀን ሲያልፍ ነው፤ የውርሱን ግብር አስታውቀው ለመክፈል ግን ያላቸው ጊዜ ከዕለተ ሞቱ ጀምሮ ስድስት ወር ሲሆን፣ ጊዜው መቈጠር የሚጀምረው ስለ ቤቱ ከሰሙበት ቀን አይደለም።